የተዋጠው አዎ

ከቀኑ አምስት ሰዓት ነው፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ መጋረጃ ይባል እንጂ ፀሐዩን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው፣ እሷም በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን ታያለች። መተኛት አለባት። ሌሊቱን በሙሉ ዋርድ ውስጥ ስትመላለስ አድራለች፣ ዛሬ ምሽትም ትገባለች፣ የመጨረሻዋ ፈረቃ ናት፣ አሥራ ሁለት ሳምንት የፈጀው የተግባር ልምምድ በዚህችው ያልቃል፣ ስለዚህ ተኚ እንጂ፣ ትላለች ለራሷ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ዓይኗንም ትጨፍናለች፣ ልቧ ግን ሠርግ ቤት ሆኗል፣ ከበሮው አይቆምም፣ ከአንሶላው ሥር የእግሯ ጣቶች ሳይቀሩ ይጨፍራሉ። ደግሞ ሰው ቢያያት ምን ይላል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴትዮ፣ በአገሯ ዘጠኝ ዓመት ሲስተር ስትባል የኖረች ሴትዮ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ብቻዋን ትስቃለች። ተማሪስ አይደለሁ እንዴ፣ አለች፣ ደረቴ ላይ የሚለጠፈው ካርድ ምን ይላል፣ ተማሪ ይላል። ፈተናውን ግን ገና አላለፈችም። ያገኘችው ፈተናው የት ላይ እንደሆነ ነው፣ እሱም ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው የከረመችው እዚሁ አፍንጫዋ ሥር ነበር፣ ለአባባል ሳይሆን በእውነት አፍንጫዋ ሥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ዋርድ የሚላክ ተማሪ ሁሉ ይዞት የሚዞር ሰማያዊ ደብተር አለ፣ ውስጡ ሠላሳ ስምንት መስመር አለው፣ እጅ መታጠብ አንድ መስመር፣ ግፊት መለካት አንድ መስመር፣ በሽተኛን ሳያሳምሙ ማገላበጥ አንድ መስመር፣ ከእያንዳንዱም ጎን የተቆጣጣሪዋ ፊርማ የሚያርፍባት ጠባብ ሣጥን። መጀመሪያ ሰሞን እጅሽን እንዴት እንደምትታጠቢ አሳዪን ሲሏት ደሟ ፈልቶ ነበር፣ ይሄ እጅ ስንት ልጅ እንዳዋለደ ታውቃላችሁ ልትል ከጀላት፣ ግን እዚህ ያለፈው ሥራሽ ለአንቺ ትዝታ ነው፣ ለእነሱ ወረቀት ነው፣ ወረቀቱም ገና በምርመራ ላይ ነው፣ ስለዚህ ታጠበች፣ በጥፍሯ መሃል ሳይቀር ፈተገች፣ ተፈረመላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ሰባቱ ተፈረመ። የቀረችው ሠላሳ ስምንተኛዋ ብቻ ናት፣ “ሲጠየቅ በእርጋታና በግልጽ ይመልሳል” የምትለው፣ እሷ ዛሬ ማታ ካልተፈረመች ደብተሩ ጎደሎ ነው፣ ደብተሩ ጎደሎ ከሆነ አሥራ ሁለቱ ሳምንት እንደ አዲስ ይጀመራል፣ እንደ አዲስ ከተጀመረ ክረምቱ እዚያው ዋርድ ውስጥ ያልቃል፣ ለእናቷ ደግሞ ለክረምት እመጣለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ካየቻት ሁለት ዓመት አልፏታል።

ያቺ ሣጥን በማን እጅ ናት ቢሉ፣ በወይዘሪት ፊርማ እጅ። ስሟ አይደለም፣ ተማሪዎቹ ናቸው ያወጡላት። ከእሷ በስድስት ዓመት የምታንስ ነርስ ናት፣ ረጅም፣ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የምትሰካበት፣ ከደረት ኪሷ ሦስት እስክሪብቶ የማይጠፋ፣ ክፉ ናት እንዳይሏት ክፉ አይደለችም፣ ደግ ናት እንዳይሏት በዓይኗ ያላየችውን አትፈርምም። በስድስተኛው ሳምንት የአንሶላ ማስቀመጫው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር አስጠግታ ግምገማ አደረገችላት። እጇ ለስላሳ ነው፣ ሰዓት አታሳልፍም፣ በሽተኞቹ ስሟን ባይችሉትም በእሷ ጊዜ ደወል አያበዙም፣ ይሄ ሁሉ ተነበበ፣ እሷም በልቧ ኮራ ማለት ጀምራ ነበር፣ ከዚያ ወይዘሪት ፊርማ ገጹን ገለጠችና ብቻ አለች። ብቻ የምትባል ቃል በየትኛውም ቋንቋ ስትመጣ ሆድ ያውቃታል።

“ብቻ ስትጠየቂ ትደነግጫለሽ።”

“እኔ?” አለች እሷ።

“አንቺ። መድኃኒቱን ሰጥተሻል ወይ ስልሽ ክው ትያለሽ። አንሶላው ተቀይሯል ወይ ስልሽ ክው። በሽተኛ የደነገጠች ነርስ ካየ እሱም ይደነግጣል። ይሄን ካላስተካከልሽ የመጨረሻዋን መስመር ልፈርምልሽ አልችልም። ገብቶሻል?”

እሷም ሳታስበው እንደ ልማዷ መለሰችላት። ወይዘሪት ፊርማ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳችና በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች፣ ይኸው አሁንም፣ አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከረችው የለም። ፈገግ እያለች መመለስ ሞከረች፣ የድንጋጤ ሳቅ ነው ተባለ። ዓይን ዓይኗን እያየች መመለስ ሞከረች፣ ዓይንሽ ይፈጣል ተባለች። ከመመለሷ በፊት በሆዷ እስከ ሦስት መቁጠር ሞከረች፣ እሱ ደግሞ መልሱ ጠፍቶባት ይሆናል አስባለ። ይባስ ብሎ አስም እንዳይኖርባት ተብሎ ለሠራተኞች ክሊኒክ ተላከች፣ እዚያ አንድ ወፍራም ሐኪም ቱቦ አፏ ላይ ደቅኖ ንፊ አላት፣ ነፋች፣ ጠቋሚዋ እስከ ጥጓ ሄደች፣ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ያንቺ ሳንባ የጡሩንባ ነፊ ሳንባ ነው፣ ምናለ እኔ ባገኘሁት ብሎ አሰናበታት። እንግዲህ በሽታ ካልሆነ ፍርሃት ነው። ሰው ፈሪ ነሽ ፈሪ ነሽ ሲባል ደግሞ ውሎ አድሮ ያምናል፣ እሷም አመነች፣ ምናልባት እውነት ነው፣ አለች፣ ምናልባት ውስጤ የተቀመጠ ነገር አለ፣ ሰው ሲጠይቀኝ በትንፋሼ ብቅ የሚል፣ የሠራሁት ነገር። የሠራችውን ደግሞ ታውቀዋለች፣ ቀኑን ጭምር ታውቀዋለች።

አሥራ አንድ ቀን ነው። እናቷ ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ነው ሻንጣዋን የዘጋችው። የመግቢያው ደብዳቤ ቀን ቆርጦ ነበር፣ እስከዚህ ቀን ካልተገኘሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ይላል፣ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ለራሷ እንዲህ ትላለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ትላለች። ዘጠኝ ዓመት የሰው እናት ስታገላብጥ ኖራ የራሷን እናት የማገላበጫው ቀን ሲመጣ ለታናሽ እህቷ አስረከበቻት፣ እንዲህ አድርገሽ ያዣት፣ ትራሱን እዚህ ጋ፣ በዚህ ጎን አታስተኚያት፣ ለዋርድ እንደሚደረግ ርክክብ። ጠዋት ገባች፣ እናቷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች፣ ሐኪሙ በዚያ ጎን ተኚ ስላላት ይሁን የእሷን ፊት ላለማየት እስከ ዛሬ አታውቀውም፣ ጉልበቷን ሳመች፣ እማዬ ልሂድ አለቻት፣ እናቷም ሳትዞር ሂጂ አለች። ሂጂ እኮ ሁለት ነው፣ እግዜር ይከተልሽ ሂጂም ሂጂ ነው፣ ከፊቴ ጥፊ ሂጂም ሂጂ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አውሮፕላኑ ውስጥ ስታገላብጠው ነጋ።

እዚህ በገባች በሦስተኛው ሳምንት ግን አልቻለችም፣ በስልክ ጠየቀቻት። ይቺው ክፍል ናት፣ ይሄው አልጋ ነው፣ ያኔ አንሶላ እንኳን አልገዛችም፣ ኮቷን ለብሳ ተቀምጣለች፣ የእህቷ ስልክ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ እናቷ ደረት ላይ ነው፣ እማዬ ይቅር ብለሽኛል ትላለች፣ እናቷም ዝም። መስመሩ አልተቋረጠም፣ የእህቷ ሕፃን ልጅ ከወዲያ ሲያለቅስ ይሰማል፣ ማንኪያ ከሰሃን ጋር ሲጋጭ ይሰማል፣ እናቷ ግን ዝም፣ ከዚያ ትንሽ ቆይታ እዛ ብርዱ ኃይለኛ ነው አሉ፣ እግርሽን አሙቂ አለቻት። እግሯን አሞቀች። ሁለተኛ ግን አልጠየቀቻትም። በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ስለ ዳሌው፣ ስለ ምርኩዙ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፣ ያቺ ጥያቄ ብቻ ማንም እንደማይቀመጥባት ወንበር መሃላቸው አለች።

ዛሬ ጠዋት ግን፣ ኧረ ዛሬ ጠዋት፣ ሲታወሳት እንደገና ተገላበጠች፣ ትራሱን ገለበጠችው፣ ትራሱም ትኩስ ነው። ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ እትዬ ስልክ አሉ። ይሄን ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት፣ በልቧ ብቻ ነው የምትጠራቸው። በወጣትነታቸው ስልክ ቤት መስመር አገናኝ ነበሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ማዳመጫ ጆሮአቸው ላይ አስረው የሰውን ሰላምታ ሲያቀባብሉ ኖረዋል፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን እንኳን ንግግር የግሉኮሱን ጠብታ ይቆጥራል፣ አንድ ቀን እንደውም ማሽኑ ከመጮሁ በፊት ልጄ ጠብታው ዘገየብኝ ብለው ጠርተዋታል፣ ብታየው እውነት ነው። ጠዋት ግፊታቸውን እየለካች ማታ ትመጫለሽ ወይ ብለው ጠየቋት፣ እንደ ልማዷ መለሰች፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉና ይቺ ሃያ ሦስተኛዋ ናት አሉ።

“ምኗ?” አለቻቸው።

“ትንፋሽሽ። ስቆጥርሽ ነው የከረምኩት፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። አይደለም ስትይ በአፍሽ ትያለሽ። አላውቅም ስትይም በአፍሽ። ነገሩ እሺ የሆነ እንደሆነ ግን ትንፋሽሽን አንዴ ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጊያለሽ። ያቺ ረጅሟ ልጅ ደነገጠች ትላለች። የምን ድንጋጤ ነው፣ አንቺ እኮ አዎ እያልሽ ነው።”

የግፊት መለኪያውን ጨርቅ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወይ ጉድ። ወይ አምላኬ። አዎ እያልኩ ነበር። አገር ምድሩ እኮ እንዲህ ነው የሚለው፣ እናቷ እንዲህ ነው የምትለው፣ የሂሳብ አስተማሪዋ እንዲህ ነበር የሚለው፣ ጎረቤታቸው ያሉት ሽማግሌ ዳኛ ሳይቀሩ፣ ሰውዬው አውርቶ አውርቶ ሲደክመው አድማጩ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ አለቀ፣ አዎ ብሏል፣ ማንም ማንንም አስተምሮት አያውቅም፣ ማንም ስም አውጥቶለት አያውቅም፣ እሷም ሠላሳ ስድስት ዓመት ስትለው ኖራ እንደምትለው አታውቅም። የእነሱን ቋንቋ አፏ እስኪላጥ አጥንታለች፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ በቃሏ ይዛለች፣ ትንፋሿን መተርጎም ነው የረሳችው። እትዬ ስልክ ገና አልጨረሱም፣ ለእኔስ ግድ የለም እሰማሻለሁ፣ አሏት፣ የኔ ሥራ ላይ ብትገቢ ኖሮ ነበር ጉድሽ፣ ሽቦ ትንፋሽ አይወድም፣ የዛሬዎቹ ስልኮችማ ይብሳሉ፣ ትንፋሽ የሰሙ እንደሆነ ጫጫታ ነው ብለው ቆርጠው ይጥሉታል፣ የልጅ ልጄ አስረድቶኛል። እሷ ግን የመጨረሻውን በአንድ ጆሮዋ ነው የሰማችው፣ ጉንጫቸውን ስማቸው፣ እዚህ የበሽተኛ ጉንጭ እንደማይሳም ከሳመች በኋላ ትዝ ብሏት፣ ወይዘሪት ፊርማን ፍለጋ ኮሪደሩን ሮጠች። ወይዘሪት ፊርማ የለችም፣ ከሰዓት በኋላ የጥርስ ቀጠሮ ስላላት ቀድማ ልትተኛ ወጥታለች፣ ምሽት ነው የምትመለሰው።

እና ይኸው፣ እንዴት ተብሎ ይተኛል። ተነሳች። መስታወቱ ፊት ቆመች፣ በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ መድኃኒቱን ሰጥተሻል ብላ በወይዘሪት ፊርማ ድምፅ ጠየቀች፣ አዎ ብላ በራሷ ድምፅ በእነሱ ቋንቋ መለሰች። አንሶላው ተቀይሯል? አዎ። ስድስት ቁጥር ሽንት ቤት ደርሰው ተመልሰዋል? አዎ። ቀላል ነው እኮ፣ አለች፣ አንዲት ቃል ናት፣ ሕፃን ልጅ ይላታል። ምሳ በልተሻል ብላ ለራሷ ጨመረች፣ እዚህ ላይ ትንፋሿ አመለጣት፣ ሽው አለ ወደ ውስጥ። እንደገና። አምስቴ በድምፅ ትላለች፣ በስድስተኛው ያቺ ትንፋሽ እንደ ድመት ሹልክ ትላለች፣ ስለዚህ ድምፁን ጨመረችው፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ እያለች ክፍሏን ስትዞር የወዲያኛው ጎረቤት ግድግዳውን በቡጢ ደበደበ። ምን ብሎ እንዳሰበ እንጃለት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት በእኩለ ቀን አዎ እያለች ስትጮህ። አፏን በእጇ አፍና አልጋው ላይ ወድቃ ሳቀች፣ እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች።

ደስታ ለብቻ ስለማይያዝ ለእናቷ ደወለች። እህቷ ናት ያነሳችው፣ እንደ ወትሮው ድምፅ ማጉያውን ከፍታ እናቷ አጠገብ አስቀመጠችው። ስለ ትንፋሹ ልትነግራት አሰበችና ዛሬ ማታ ይፈረም መጀመሪያ ብላ ተወችው፣ ሳይፈረም ያወሩት ነገር ይፈርሳል፣ ስለዚህ የተለመደውን ጠየቀች። ምርኩዙን ትተሽዋል፣ ኧረ የት ትቼው አለች እናቷ፣ ደረጃው ላይ ያስፈልገኛል። መድኃኒትሽን ወስደሻል፣ ዝም። ሌሊት ያምሻል፣ አያመኝም፣ ሲዘንብ ብቻ ይቆረጥመኛል። ሐኪሙ ጋ ሄደሽ ታየሽ፣ ዝም። እማዬ ትሰሚኛለሽ፣ ዝም። ያ ዝምታ ነው እንግዲህ፣ ሁለት ዓመት የምታውቀው ዝምታ፣ በወሬ መሃል ብቅ እያለ ኩርፊያውን የሚያስታውሳት፣ ደስታዋ ትንሽ ቀዘቀዘ፣ በይ እማዬ ማታ ሥራ አለብኝ ልተኛ ብላ ዘጋችው። ተኛችም፣ ማለት ጋደም አለች። መኪና በመንገዱ ያልፋል፣ ጥላው ጣሪያው ላይ ያልፋል፣ ሐኪሙ ጋ ሄደሽ፣ ዝም፣ ያምሻል፣ አያመኝም፣ ይቺ እናቴ ደግሞ እምቢውን ስትለው ድምፅ አላት፣ አለች ለራሷ በግማሽ እንቅልፍ፣ እና ዓይኗ ተገለጠ።

ሽቦ ትንፋሽ አይወድም።

ተነስታ ተቀመጠች። ቆጠረች፣ እትዬ ስልክ እንደቆጠሩት በጣቷ ቆጠረች፣ አልተውኩትም በድምፅ፣ አያመኝም በድምፅ፣ መድኃኒቱ ዝም፣ ሐኪሙ ዝም፣ ትሰሚኛለሽ ዝም፣ አዎ መሆን ያለበት ሁሉ ዝም። የዛሬ ስልክ ጫጫታ ነው ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። እና ያኔስ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኮቷን ለብሳ እዚሁ አልጋ ላይ፣ ይቅር ብለሽኛል ስላት፣ ያ ዝምታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው የዞርኩት ዝምታ፣ ምን ነበር? ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ አነሳች። ደግሞ ቢሆንስ፣ አለች፣ እውነተኛ ዝምታ ቢሆንስ፣ ጠይቄ በአፍሽ መልሺልኝ ብያት አይ ብትለኝስ፣ አይ ስትል ድምፅ አላት እኮ። አንድ ምናልባት በእጇ ይዛ መኖር ይሻላል ወይስ ቁርጡን ማወቅ፣ ዘጠኝ ዓመት ለበሽተኞች ቁርጡን ማወቅ ይሻላል ስትል የኖረች ሴት ስልኩን ትራሱ ሥር ደበቀችውና ሻወር ገባች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ነው የሄደችው፣ ወንበር እያለ። ሆስፒታሉ ጋ ስትደርስ የመስታወቱ በር ራሱ ይከፈታል፣ የሳሙናው ሽታ ይቀበላታል፣ ምድር ቤት ወርዳ ግራጫውን የተማሪ ልብስ ትለብሳለች፣ ቁልፎቹን አንድ ቀዳዳ አዛንፋ ትቆልፋለች፣ ፈትታ እንደገና ትቆልፋለች። ሊፍቱ ውስጥ አዎ ትላለች በለሆሳስ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ምን አልሽኝ አላት፣ ምንም አላልኩም። ወይዘሪት ፊርማ በዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ናት፣ ግማሽ ጉንጯ ከማደንዘዣው ገና አልተላቀቀም፣ ሰማያዊው ደብተር ሠላሳ ስምንተኛዋ ላይ ተከፍቶ ፊቷ አለ። እሷ ልታስረዳት አፏን ስትከፍት ወይዘሪት ፊርማ እጇን አንስታ አስቆመቻት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ፣ አለች፣ ከእሱ በኋላ ታወሪያለሽ።

“ዛሬ ስድስቱንም አልጋ ብቻሽን ትይዢያለሽ? እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ካልጠራሽኝ አልገባም።”

“አዎ!” አለች እሷ።

ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው አዎ ነው በአንዴ የወጣው። ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ቆሞ ዞረ። ወይዘሪት ፊርማም እስክሪብቶው ከእጇ አመለጠ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፣ እሷም ያንን ስታይ በደመ ነፍስ እሺ አለችኝ ብላ ደስ አላት፣ ከዚያ ገባት፣ ሴትየዋ የእውነት ደንግጣ ነው። ሳቋ መጣ። ይቅርታ እየጠየቀች፣ እስክሪብቶውን ከወንበሩ ሥር እየፈለገች፣ እንባዋን እየጠረገች፣ የእትዬ ስልክን ቆጠራ፣ የአገሯን ሰው፣ ሽማግሌውን ዳኛ፣ ሁሉንም ዘከዘከችላት። ወይዘሪት ፊርማ ሰማች፣ በደነዘዘ ጉንጯ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ እንዲህ ነው ብላ ጠየቀች፣ ትንሽ አሳጠር አድርጊው ተባለች፣ እንደገና ሳበች።

“እና ሦስት ወር ሙሉ አዎ ስትይኝ ነበር?”

እሷም መለሰችላት፣ በትንፋሽ። ወይዘሪት ፊርማ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ፈረመች፣ የፊርማዋ ጭራ ከሣጥኑ ወጥታ እስከ ሠላሳ ሰባተኛዋ ድረስ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ስድስተኛው ሳምንት ገጽ ተመልሳ ትደነግጣለች የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

“እንግዲህ ያልሰማሁት እኔ ነኛ” አለች።

ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። አለቀ፣ ተፈረመ፣ ክረምት አለ፣ እናት አለች፣ መጮህ አማራት፣ ግን ያቺ የመጨረሻ ቃል እግሯን ይዛታለች፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ ያልሰማሁትስ እኔ ብሆን። ርክክብ ሊጀመር አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ደረጃውን ወርዳ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች፣ ማንም የለም፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ደወለች። እህቷ ምነው ደህና ነሽ አለች፣ ደህና ነኝ፣ እማዬን ስጪኝ፣ ማጉያውን ዝጊውና ጆሮዋ ላይ አድርጊላት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የልብስ ኮሽታ ተሰማ።

“እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአፍሽ መልሺልኝ።”

“በምን ልመልስልሽ ኖሯል?” አለች እናቷ።

“ይቅር ብለሽኛል?”

ዝም። ያው ዝምታ፣ ሁለት ዓመት ያልተለወጠ፣ ርዝመቱ እንኳን ያው። አግዳሚውን በእጇ ጨበጠች።

“እማዬ አልሰማሁሽም። በአፍሽ በይው።”

“አዎ እያልኩሽ እኮ ነው” አለች እናቷ፣ ትንሽ ተቆጥታ። “ያኔም ጠየቅሽኝ፣ አዎ አልኩሽ። ሂጂ ያልኩሽስ ምን ብዬ ነው? ስንቴ ልበልሽ?”

አልቻለችም። ግንባሯን ቀዝቃዛው የቁም ሣጥን በር ላይ አስደገፈች፣ እንባዋ ግራጫው ልብስ ላይ ይወርዳል፣ አፏ ግን ይስቃል፣ ያኔም አዎ ብላኛለች፣ እግርሽን አሙቂ ከማለቷ በፊት፣ እኔ ኮቴን ለብሼ ስጠብቅ እሷ ብላ ጨርሳለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይቅር የተባልኩ ሰው ነበርኩ። ላይኛው ፎቅ ላይ የርክክቡ ደወል ጮኸ። እናቷ ማልቀሷን ይሁን መሳቋን መለየት አቅቷት ነው መሰል ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ሌላ ጠየቀቻት።

“በይ ተይው እሱን። ለክረምት ትመጫለሽ አይደል?”

እሷም ያንን የጡሩንባ ነፊ ሳንባዋን እስኪሞላ ድረስ፣ ከልቧ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

“ሄሎ?” አለች እናቷ። “ሄሎ? ምነው ይቺ ልጅ ዝም አለች?”